ስሜን ልቀይር ወይስ ሰርጉ ይለፍ?

የዳሞት ልጅ፦

ሰላም ቤቶች። ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ስሜ እንጉዳይ ነው። አዎ፣ እንጉዳይ። ጎጃምን ለምታውቁ ምንም የሚገርም ነገር የለውም፣ የኛ ሰፈር በእንጉዳይ የተሞላ ነው። ክፍላችን ውስጥ እንኳ ሁለት ስለነበርን ትልቋ እንጉዳይ፣ ትንሿ እንጉዳይ እየተባልን ነው ያደግነው። ስሜ ሰው ሊያስቅ ይችላል ብዬ አስቤም አላውቅም ነበር።

ጉዱ የመጣው አዲስ አበባ ባንክ ስቀጠር ነው። ባጅ አድርገሽ መስኮት ላይ ትቀመጫለሽ፣ ደንበኛው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ስምሽን ያነባል። “እንጉዳይ? የሚበላው?” ይላል። ትስቂያለሽ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ “ፒዛ ላይ የሚደረገው?” ይላል። ለሱም ትስቂለታለሽ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው ተብለሽ ነዋ የሰለጠንሽው። ሁሉም ቀልዱን እሱ የፈጠረው ይመስለዋል።

ከዛ ኤደን ነኝ ማለት ጀመርኩ። ፌስቡክ ላይ ኤደን፣ ቲክቶክ ላይ ኤደን፣ ጓደኞቼ ኤዱ ይሉኛል። እጮኛዬንም የተዋወቅኩት በኤደን ነው። እውነተኛውን ስሜን የነገርኩት ቆይቼ ነው። ሳቀ። ግን እሱ ሲስቅ አይከፋም።

አሁን ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። የጥሪ ካርዱን የምታሳትመው እህቱ ናት። ናሙናውን በቴሌግራም ላከችልኝ፣ በወርቃማ ቀለም የእሱ ስምና “ኤደን” ተጽፎበታል። ስሜ እኮ እንዲህ አይደለም ስላት “ውይ የኔ ቆንጆ፣ እንግዳው ሁሉ ካርዱን ይዞ ይሳቅብሽ እንዴ?” አለችኝ። ክፋት የላትም፣ በጣም ነው የምወዳት። ግን አባቴና አጎቶቼ ከአገር ቤት ይመጣሉ። ስሙን ያወጣችልኝ አያቴ ናት፣ የአባቴ እናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት፣ አሁን በሕይወት የለችም። አባቴ ካርዱን ለአገሩ ሰው ሲያድል “ኤደን ደግሞ ማናት?” ሊባል ነው።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ ላይ ነኝ። አንደኛው ከነአካቴው በሕግ ኤደን መሆን ነው፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት ከማውጣታችን በፊት እንዲያልቅ። ሁለተኛው እንዲሁ በሁለት ስም መኖር ነው። ስማችሁን የቀየራችሁ አላችሁ? ከባድ ነው? ከቀየራችሁ በኋላስ ምን ተሰማችሁ? ያልቀየራችሁም ንገሩኝ። የእንጉዳይ ቀልድ ግን ይቅርብኝ፣ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ።


ቀጥተኛው፦

ቀይሪው በቃ። ምን ያስጨንቃል? ስሙን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ፣ አያትሽ አይደሉም።


ምትኩ የነበርኩት፦

እኔ ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ ሂደቱን ልንገርሽ፣ ስሜቱን በኋላ።

የኔ እንዲህ ነበር። አቤቱታ ታስጽፊያለሽ፣ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያሉት ጸሐፊዎች ይጽፉልሻል። የልደት ሰርተፍኬት፣ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ታያይዣለሽ። ምክንያትሽን በደንብ ማስረዳት አለብሽ፣ “አልወደውም” ብቻ ብለሽ እንዳትሄጂ። እኔን ዳኛዋ አፋጣኛለች፣ ዕዳ አለብህ ወይ፣ ክስ አለብህ ወይ፣ ማለት ከሆነ ሰው ልታመልጥ ነው ወይ ነው ነገሩ። ከዛ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ማን ይቃወመኛል ብዬ ስቄ ነበር፣ ቀጠሮው ሲደርስ ግን ልቤ መምታቱ አልቀረም። ምስክር ተሰማ፣ ውሳኔ ተሰጠ።

እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከዛ በኋላ ያለው ነው። የውሳኔውን ግልባጭ ይዘሽ ወሳኝ ኩነት፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ ባንክ፣ ሲም ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የግብር መለያ፣ የጡረታ መለያ፣ ሁሉም ጋር ትዞሪያለሽ። እያንዳንዱ ቢሮ ሌላው ይቅደም ይልሻል። ዲግሪዬ ላይ ያለው አሁንም የድሮው ስም ነው፣ የተማርኩበት ግቢ “በዚያን ጊዜ ስምህ ይሄ ነበር” ብሎ አልቀይርም አለ። ሥራ በተወዳደርኩ ቁጥር ዲግሪው ላይ የፍርድ ቤት ወረቀት አያይዛለሁ። የዕድሜ ልክ ስቴፕለር ያስፈልግሻል።

ምክንያቴን ካልሽ፣ እኔ የተወለድኩት ወንድሜ በሞተ በዓመቱ ነው። ምትኩ ተባልኩ። አገሩ ሙሉ ምትኩ፣ ተካ፣ ካሣ፣ ማስረሻ ነው፣ ማንም ምንም አይሰማውም፣ እኔን ግን ይሰማኝ ነበር። እናቴ ስትጠራኝ ሁልጊዜ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኛል። ልደቴና የወንድሜ ሙት ዓመት ተከታትለው ስለሚውሉ ደግሞ ልደት ተከብሮልኝ አያውቅም። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት። ምን እንደምትለኝ ነው የጨነቀኝ። ፍርድ ቤት ቀርባ የመሰከረችው እሷ ናት። “እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እኔ ነኝ የማነሳለት” አለች፣ ዳኛዋ ዝም አለች።

ለኔ ተገቢ ነበር። ያንቺ ግን ሌላ ይመስለኛል። እኔን ያስጨነቀኝ ስሙ ነው፣ አንቺን ያስጨነቀሽ ሳቁ ነው።


ሜሪላንድ፦

የጋብቻ ሰርተፍኬት ስትይ ነው የገባሁት። እህቴ፣ አሜሪካ የመምጣት ሐሳብ ካላችሁ ስምሽን ከአሁኑ አስተካክለሽ ነይ፣ እዚህ ስም ማለት ጣጣ ነው።

የአጎቴ ልጅ ቪዛ ሲመታለት ሙሉ ስሙ በአንድ መስመር ነበር የተጻፈው፣ እነሱ ደግሞ ሁሉንም የቤተሰብ ስም አደረጉትና የራሱ ስም ቦታ ላይ “ኤፍ ኤን ዩ” ብለው ጻፉበት፣ የራሱ ስም አይታወቅም ለማለት። መንጃ ፈቃዱም ላይ ተከትሎት ሄደ። ክሊኒክ ሄዶ ነርሷ “ሚስተር ፍኑ” ብላ ስትጣራ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ተራው አለፈው። ዜግነት ሲወስድ ነው የተገላገለው። እዛው ማመልከቻው ላይ ስም መቀየር እፈልጋለሁ ብለሽ ትሞያለሽ፣ ዳኛ ፊት ስትምዪ አዲሱ ስምሽ ይጸድቃል። ብዙ አበሻ ስሙን የሚያሳጥረው ያኔ ነው።

ሌላው የሚያስቀኝ የሚስቶች ነገር ነው። አገራችን ሴት ስታገባ ስሟ አይነካም፣ የአባቷ ልጅ ሆና ትኖራለች፣ እዚህ ስንመጣ ግን አንዳንዶቹ እንደ አገሩ ባህል የባላቸውን የቤተሰብ ስም ይወስዳሉ። የባልሽ የቤተሰብ ስም ማለት እኮ የአባቱ ወይ የአያቱ ስም ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ተነስተሽ የአማትሽ ልጅ ሆንሽ ማለት ነው፣ ባልሽም በወረቀት ወንድምሽ ሆነ። ባለቤቴ ይሄን ስነግራት “የራሴ አባት ምን በደለኝ?” ብላ እምቢ አለች። ደግ አደረገች።

ልጆቹ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ክርክር ነው። እንደ አገራችን ካደረግኩ ልጄ በኔ ስም ይጠራል፣ ያኔ እኔና ልጄ ወረቀት ላይ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖረናል፣ ትምህርት ቤቱ “አባቱ አንተ ነህ?” ይለኛል። እንደ አገሩ ካደረግኩ ደግሞ ልጄ በአያቴ ስም ይጠራል፣ የኔ ስም ከመሐል ይጠፋል። በአያቴ ሄድን። ሽማግሌው የሞቱት አንድም ፈረንጅ ሳያዩ ነው፣ አሁን በየቀኑ ትምህርት ቤት ማይክሮፎን ላይ ይጠራሉ።


ቀጥተኛው፦

@ሜሪላንድ እኔ ጥያቄው ስለ ሰርግ ካርድ መስሎኝ ነበር 😂


ሜሪላንድ፦

@ቀጥተኛው ካርዱ የሚጀምረው ከዛ ነው ወንድሜ። ደግሞ የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የሚባለውን ነገር ወዶ አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር በሬኔ ዳቪድ የተዘጋጀ ነው፣ የቤተሰብ ስም የሚል አንቀጽ ገብቶበት ነበር። ሕጉ ጸደቀ፣ ሕዝቡ ግን በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ።


ከቤሩት መልስ፦

እኔ ስሜን የቀየርኩት ወድጄ አይደለም። ደላላው ነው የቀየረው።

ትዕግስት ነበርኩ። ያኔ ለመሄድ የሙስሊም ስም ይሻላል፣ ቪዛው ቶሎ ይመጣል ተባለ። ፓስፖርቱ ሲሰጠኝ ዘይነብ ይላል፣ የአባቴም ስም ሌላ ነው፣ ዕድሜዬም ተጨምሯል። ማንበብ እችላለሁ፣ አየሁት፣ ግን ገንዘቡ ተከፍሏል፣ እናቴ በሬ ሸጣለች፣ ምን ብዬ ልመለስ። ለስሙ ክፉ የለኝም፣ ጎረቤታችን ዘይነብ እናቴን እናቴ ብላ ነው ያደገችው፣ እኛ ወሎ ነን፣ ስም ከስም አንለይም። ያስቀየመኝ ሳይጠይቁኝ ማድረጋቸው ነው።

ቤሩት ስደርስ ማዳሟ ዘይነብ ራሱ አልመጣላትም። ልጇ ዘይነብ ነበር ስሟ። ስለዚህ “ሚሚ” ሆንኩ። ከኔ በፊት የነበረችውም ሚሚ ነበረች፣ ከኔ በፊት የነበረችው ልብሷን ትታ ሄዳ ቀሚሷን አልብሰውኛል። እዛ ቤት ሚሚ ማለት የሠራተኛዋ ቦታ ስም ነው፣ ሰው ይለዋወጥበታል።

አገሬ ስመለስ ደግሞ ፓስፖርቱ ዘይነብ፣ ቀበሌ ያለው መዝገብ ትዕግስት። የላክኩት ብር የገባበት ሒሳብ በዘይነብ ነው። የራሴን ብር ለማውጣት እኔ እኔ መሆኔን ማስረዳት ነበረብኝ። ባንክ ላይ የተቀመጠችዋ ልጅ አልቀለደችብኝም፣ አንድ ወረቀት ጽፋ ራሷ ኃላፊዋ ጋ ይዛኝ ገባች። ስሟን ባጇ ላይ አንብቤ እስከዛሬ አስታውሳታለሁ። እና አንቺም እዛ መስኮት ላይ ስላለሽ ልንገርሽ ብዬ ነው፣ ስምሽን የሚያነበው ሁሉ ሊስቅብሽ አይደለም።


የዳሞት ልጅ፦

@ከቤሩት መልስ እህቴ፣ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። እኔ ጋም እንዲህ የተለያየ ስም ይዘው የሚመጡ አሉ። ከእንግዲህ ኃላፊዬ ጋ ራሴ ይዣቸው ነው የምገባው።


ሌላዋ እንጉዳይ፦

እኔም እንጉዳይ ነኝ!!! ከደብረ ማርቆስ። መምህርት ነኝ። ልጆቹ መጀመሪያ ቀን ይስቃሉ፣ በሁለተኛው ቀን ቲቸር እንጉዳይ ብለው ይጠሩኛል፣ አለቀ። ማን ሊሰማው ነው ብለሽ ነው፣ ስንዱ የሚባል ስም አለ፣ ብርቱካን አለ፣ ሎሚ አለ፣ ጠጂቱ አለ፣ ማንም አይስቅም። እንጉዳይ ላይ ሲደርሱ ነው ሆቴል ትዝ የሚላቸው። ለሰርግሽ ጥሪኝ፣ ሁለት እንሁን።


አለምነሽ ከኔታንያ፦

አማርኛዬ የልጅ አማርኛ ነው፣ ይቅርታ። በ1977 ነው እስራኤል የመጣነው፣ በሱዳን በኩል፣ ልጅ ነበርኩ። ከጎንደር በእግር ወጥተን፣ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ብዙ ሰው ቀብረን።

እዚህ ስንደርስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባን። መምህርቷ ስማችንን እየጠየቀች ትጽፍ ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ አለምነሽ አልኳት። ሞከረች፣ አልሆነላትም። “አሊዛ” ብላ ጻፈች። አጠገቤ ያለችውን ሲጋል አለቻት፣ ቀጥሎ ያለችውን ሺራ። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ትስመን ነበር። አሁን አዲስ አገር፣ አዲስ ስም ነው ያለችን። ማታ አልጋ ላይ ሆነን እርስ በርሳችን በድሮው ስም እንጠራራ ነበር፣ በሹክሹክታ፣ እንዳንረሳው ብለን። የእኛ ክፍል ብቻ አይደለም፣ የዚያን ጊዜ የመጣ ልጅ ሁሉ ይሄን ታሪክ ይነግርሻል።

አባቴ እስኪሞት አሊዛ ብሎኝ አያውቅም። ትምህርት ቤት ስልክ ደውሎ አለምነሽን አገናኙኝ ሲል “እንደዚህ የሚባል የለም” ይሉት ነበር።

የቤተሰብ ስማችንም እንደዚሁ ነው። ሲመዘግቡን የቤተሰብ ስም ማን ነው አሉ። አባቴ የአባቱን ስም ሰጠ፣ ወንድሙ በሌላ ቀን ሲመዘገብ የአያታቸውን ስም ሰጠ። እስከዛሬ ወንድማማቾቹ ቤተሰቦች በወረቀት ዘመድ አይደሉም።

ነርስ ስሆን አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄጄ ፎርም ሞላሁ፣ አለምነሽ አስባልኩት። እዚህ ፎርም ነው፣ ፍርድ ቤት የለም። ባጄ ላይ አለምነሽ ይላል። በሽተኛው ሁሉ ይሳሳታል፣ “አላ... አለሜ...” ይላሉ። ቀስ ብዬ አስተምራቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ከሞሮኮ የመጡ፣ እሳቸውም ልጅ ሆነው ስማቸው እንደተቀየረ ነገሩኝ። የድሮ ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ከሆስፒታሉ እስኪወጡ በሱ ጠራኋቸው።

አንቺ ኤደን ማለትሽ ክፉ አይደለም። ራስሽ መርጠሽዋል፣ እኛ አልመረጥንም። ግን ካርዱ ላይ የጻፈችው የባልሽ እህት ናት አይደል? እሱ ነው እኔን ያሳሰበኝ።


ቦንሳ፦

@አለምነሽ እዚህ አገር ውስጥም ሆነን ደርሶብናል እህቴ። እኔ አርሲ ነው የተወለድኩት። አባቴ ቦንሳ ብሎ ሰየመኝ። አንደኛ ክፍል ስመዘገብ መምህሩ “ይሄ ለትምህርት ቤት አይሆንም” ብሎ በለጠ ብሎ ጻፈኝ። ለክፉ ብሎ ነው አልልም፣ ሌላውንም እንደዚሁ ነው ያደረገው፣ የዚያን ጊዜ ወጉ ያ ነበር፣ ቢሮ ለመግባት ያ ስም ይቀላል ይባላል። ቤት ቦንሳ፣ ትምህርት ቤት በለጠ። ከ1983 በኋላ ወደ አባቴ ስም ተመለስኩ፣ ብዙ ሰው ያኔ ተመልሷል። አሁን የጡረታ ፋይሌ ላይ “በለጠ ወይም ቦንሳ” ይላል፣ ሁለት ሰው ሆኜ አንድ ጡረታ እበላለሁ።

ክርክር ለመክፈት አይደለም፣ እባካችሁ ወደ ፖለቲካ እንዳትወስዱት። ለልጅቷ ነው የምነግራት። ስም ስትቀይሪ ለማን ምቾት ብለሽ እንደሆነ ጠይቂ። እኔ መጀመሪያ የተቀየርኩት ለመምህሩ ምላስ ነው። ሁለተኛው ለራሴ ነው። ወረቀቱ ሁለቱም ጊዜ አድካሚ ነበር፣ እንቅልፍ የሰጠኝ ግን ሁለተኛው ነው።


የቀድሞ ዲያቆን፦

ልጆች፣ ስም መቀየርን እንደ ፈረንጅ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በኛ አገር ሰው በአንድ ስም ኖሮ አያውቅም።

ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ሌላ ስም አለሽ። በሰማንያ ቀንሽ ስትጠመቂ የተሰጠሽ የክርስትና ስም፣ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ ወይም ሌላ። ወንዱ በአርባው ይቀበላል። ቅዳሴ ላይ፣ ፍትሐት ላይ የሚጠራው እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንጉዳይንም ኤደንንም አታውቅም።

ነገሥታቱማ ስም መቀየር ሥራቸው ነበር። ካሣ ኃይሉ በ1847 ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ቴዎድሮስ ተባለ፣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት ሕዝቡ ዘንድ ስለነበር አስቦበት ነው የወሰደው። ካሣ ምርጫ ዮሐንስ አራተኛ ሆነ። ተፈሪ መኰንን በጥቅምት 1923 ዘውድ ሲጭኑ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ሆኑ፣ የተዉትን “ራስ ተፈሪ”ን ደግሞ ጃማይካዎች አንሥተው ሃይማኖት አደረጉበት። በዚህ ላይ የፈረስ ስም አለ፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል። ወታደር የሚፎክረው በፈረሱ ስም ነው።

እና አንድ ነገር ልጨምር፣ የሰርግሽ ነገር ስለሆነ። በብዙ አገር ቤት ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላት ነበር። የባልዋ ቤተሰብ በዚያ ስም ነው የሚጠራት። የባልሽ እህት ሳታውቀው የድሮ ወግ እየሠራች ነው። ልዩነቱ የድሮዋ አማት ስሙን የምታወጣው ሙሽራይቱ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው፣ የአባቷን ደጅ ሳትለቅ አይደለም። ለአባትሽ የሚሄደው ካርድ በአባትሽ ቤት ስም ይሁን። ከዚያ ወዲያ እነሱ ቤት ኤደን ቢሉሽ፣ ኤዱ ቢሉሽ ነውር የለውም።


ቀጥተኛው፦

ጋሼ ይሄን ካሉ እኔ ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ይመቾት።


የዳሞት ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ለእጮኛዬ አነበብኩለት፣ እናቱ በስልክ እየሰማች ነበር፣ “እውነት ነው፣ እኔንም አማቴ የሺ ብለውኛል” አለች። እሱ የእናቱ ስም የሺ እንዳልሆነ በዛ ቀን ነው የሰማው። ሠላሳ ምናምን ዓመቱ ነው!

ለአባቴም ደወልኩለት። ፈርቼ ፈርቼ ካርዱ ላይ ኤደን ተጽፎ ነበር፣ ቅር ይልሃል ወይ አልኩት። ዝም አለ። ከዛ “ምን ካርድ?” አለኝ። የጥሪ ካርድ አባዬ፣ ለሰው የምታድለው። “እኔ ሰው በካርድ ጠርቼ አላውቅም። ገበያ ቀን ቆሜ ነው የምናገረው። የእንጉዳይ ሰርግ ነው ብያለሁ፣ ሁሉም ሰምቷል፣ አይሱዙም ተከራይተናል” አለኝ። ይሄን ሁሉ ሌሊት የተጨነቅኩት ለማይደርሰው ወረቀት ነው።

ግን አባቴ ጉዳዩ እንዳልሆነ ሲገባኝ የራሴ ጥያቄ ብቻዬን ቀረ። ያለ አባቴ፣ ያለ እህቱ፣ ያለ ደንበኛ፣ እኔ ማን መባል እፈልጋለሁ? ቦንሳ ያልከውን አስቤበታለሁ። ኤደንን ያመጣሁት መስኮቱ ላይ ላለው ሰው ብዬ ነው። እሱ ደግሞ ብሩን ይዞ ይሄዳል። ኤዱ ግን ጓደኞቼ ያወጡልኝ ነው፣ እሱን እወደዋለሁ፣ አልተወውም።

ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ቀርቷል። ለእህቱ እንጉዳይ ብለሽ ጻፊ አልኳት። ትንሽ አኮረፈች፣ ማታ አዲስ ናሙና ላከች። ፊደሉን ከበፊቱ አሳምራዋለች፣ ‘ጉ’ን እንደ ጌጥ ጠምዝዛዋለች። ያምራል። ሌላዋ እንጉዳይ፣ ካርድሽ ይላካል፣ በውስጥ አድራሻሽን ጻፊልኝ።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ለምትኩ የነበርከው። ዲግሪዬ ላይ ስሜ በእንግሊዝኛ መጨረሻው በ‘ዋይ’ ነው፣ ፋይዳዬ ላይ በ‘አይ’ ነው የተጻፈው። የባንክ ቅጥሬ ደግሞ መጨረሻው ላይ ‘ኢ’ ተጨምሮበታል። ይሄም ፍርድ ቤት ያስኬዳል?


ምትኩ የነበርኩት፦

እሰይ። አይ፣ እሱ የስም ለውጥ ሳይሆን እርማት ነው፣ ሌላ መንገድ ነው ያለው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የትኛውን አጻጻፍ እንደምይዝ እወስናለሁ። ዲግሪውን ያዢ፣ እሱ ነው የማይነቃነቀው፣ ሌሎቹን ወደሱ አምጪ። የልደት ሰርተፍኬትሽ ላይ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ እዪ፣ ከዲግሪው ጋር ከገጠመ እሱን ይዘሽ ፋይዳውን ለማስተካከል ጠይቂ። ባንኩን የሰው ኃይል ክፍላችሁ በደብዳቤ ይጨርሰዋል።

ግን ከጋብቻ ሰርተፍኬቱ በፊት አድርጊው። ፓስፖርት ካላወጣሽ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ አታውጪ፣ ይሄ ይለቅ። የባልሽንም መታወቂያ አብረሽ እዪ፣ የአባቱ ስም ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን። ሰው የሚደርስበት ሰርተፍኬቱ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው።


የዳሞት ልጅ፦

አየሁት። የአባቱ ስም አንዱ ጋ በአንድ ‘ኤስ’፣ አንዱ ጋ በሁለት ነው። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።